ከሳሙኤል ደመወዝ የተቆረጠው አንድ አምስተኛ

በሕይወቴ ሰው የመታሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የመታሁት በእግሬ ነው፤ የመታኋቸውም መሬት ላይ የወደቁ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ይህን ከፊት የማስቀምጠው አንባቢ እኔን ከዳር ቆሞ ያየ ምስክር ብቻ አድርጎ እንዳይቆጥረኝ ብዬ ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ሮም ከገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው፤ ጣልያንኛ ያስተማረኝ ሰውም የለም። ካምፖ፣ ማለትም ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚቆዩበት ማዕከል፣ በኖርኩባቸው አሥራ አንድ ወራት ሰው የጣለውን ወረቀት ሁሉ እየሰበሰብኩ በመዝገበ ቃላት ፈታሁ። የመድኃኒት መመሪያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመብራት ሂሳብ። በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ይፈልጉኝ ጀመር። አንብቤ እነግራቸዋለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም ነበር። የምቀበለው ሌላ ነገር ነበር፤ «እሱ ካለ አለቀ» መባልን።

አነባበቤ ሥርዓት ነበረው። ከላይ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ኮዲቼ ፊስካሌ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ነዋሪ ያለውን ባለ አሥራ ስድስት ፊደልና ቁጥር መለያ፣ ከዚያ ቀን፣ በመጨረሻ ገንዘቡን። ይህን ቅደም ተከተል አንድ ቀን ብቻ ዘለልኩ።

የምሠራው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ፣ የሆቴሎችን አንሶላና ፎጣ በሚያጥብ ፋብሪካ ነበር። ፒኜቶ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል የምጋራው ሳሙኤልም እዚያው ነበር የሚሠራው፤ መኪና ላይ ጫኝና አውራጅ ሆኖ። ሳሙኤል እንደኔ በባሕር አልመጣም። በተማሪ ቪዛ መጥቶ በውሃ ምህንድስና ማስተርሱን ይዟል። ለትምህርቱ ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ተበድሮ ነበር። ለብድሩ ዋስ ሲጠየቅ የፈረሙለት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የእናቱ ጎረቤት የነበሩ፣ ሠላሳ ዓመት በጣልያን ሽማግሌዎች ቤት እያደሩ ሲያስታምሙ የኖሩ ሴት። ያጠራቀሙትን ቢሾፍቱ ባለች ጅምር ቤት ላይ አፍስሰው፣ የቀራቸው ጣሪያው ነበር። ለጣሪያው ያስቀመጡት ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነው።

የብድሩ አከፋፈል ቀላል ይመስል ነበር። ሳሙኤል ሥራ ሲይዝ ከተጣራ ደመወዙ አንድ አምስተኛው እንዲቆረጥ ፈረመ። አሠሪው ይቆርጣል፣ ለአበዳሪው ይልካል። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ ወጪ መጋራት የሚባለውን ያውቀዋል፤ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዝህ ይቆርጣል፣ አንተ ወረቀቱን ታያለህ፣ አለቀ። ሳሙኤል ይኸኛውንም እንደዚያው ነው የተረዳው። ተቆረጠ ማለት ተከፈለ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ የተሻለ አልገባኝም ነበር።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሐምሌ ወር፣ አስፋልቱ ጫማ ሥር የሚለጠፍበት ሙቀት። ሐሙስ ከሰዓት ሰው ቤት አዳሪ የሆኑ ሴቶች የሚያርፉበት ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ዘነበች በራችንን አንኳኩ። ላብ አጥምቋቸዋል። ከጡታቸው ሥር አንድ ፖስታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ደብዳቤው የደረሳቸው ባለፈው ዓርብ ነው፤ መውጣት ስለማይችሉ ስድስት ቀን ፍራሽ ሥር ደብቀውት ነበር።

«አንብብልኝ ልጄ። የፖሊስ ነው?»

የፖሊስ አልነበረም። አበዳሪው ነው። ለሰባት ወራት ምንም ክፍያ እንዳልደረሰው፣ ደብዳቤው በደረሰ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ገንዘቡ ወይም የከፈሉበት ማስረጃ ካልቀረበ ቀሪውን ብድር በሙሉ፣ አሥራ አንድ ሺህ ዩሮ፣ ከተበዳሪውም ከዋሱም እንደሚጠይቅ ይገልጻል። ከአሥራ አምስቱ ቀን ስድስቱ አልቋል።

«እኔም ላይ ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እርስዎም ላይ።»

አላለቀሱም። ወደ ሳሙኤል ዞሩ።

«ሳሚ፣ ልጄ፣ አትከፍልም ነበር እንዴ?»

ሳሙኤል የዚያን ጊዜ የሆነውን ፊት አልረሳውም። በጥፊ የተመታ ሰው እንዲያ አይሆንም። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ ሰባት ቡስታ ፓጋ፣ የሰባት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። በእያንዳንዱ ላይ ያቺው መስመር አለች፤ ከሺህ ሃምሳ ዩሮ ሁለት መቶ አሥር። በሰባት ወር ሺህ አራት መቶ ሰባ።

«ከእጄ ወጥቷል፤» አለኝ። «እነሱ ጋ አልደረሰም። መሐል ላይ ማን አለ?»

መሐል ላይ ማን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ መኩሪያ። ፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ በፊት የገቡ ሐበሻ እሳቸው ናቸው፤ አለቃችን ነበሩ። በእኛና በሒሳብ ክፍሉ መካከል ወረቀት የሚያመላልሱት እሳቸው። በየወሩ የጋሪ ጫፍ ላይ ቆመው ስም እየጠሩ፣ ለእያንዳንዱ ስድብ እየመረቁ ቡስታ ፓጋ ያድላሉ። ሳሙኤልን «ማስተር» ነበር የሚሉት። «ማስተርስ ይዘህ አንሶላ ትጭናለህ፤ ዶክተር ብትሆን ትራሱንም እንጨምርልህ ነበር» ብለው አንድ ፈረቃ ሙሉ አስቀውበታል። ወረቀት ቶሎ እንዲያልቅለት የፈለገ ሃያ ዩሮ «ለሻይ» ይሰጣቸዋል። እኔን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት በሰው ሁሉ ፊት «ደብተራው» ብለውኛል፤ «አሥረኛ ክፍል የወደቀ ደብተራ፣ ለእውር አገር መነጽር የሚሸጥ።» ሰው ስቋል። እኔ አልሳቅኩም፤ አልመለስኩምም። ውስጤ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ሳሙኤል ማን አለ ብሎ ሲጠይቀኝ ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ከላይ መጀመር ነበረብኝ። እኔ ግን ከገንዘቡ መስመር ቀና አልኩና፣

«ጋሽ መኩሪያ በልተውታል» አልኩ።

ይህ ቃል የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ከእኔ ነው የወጣው።

እትዬ ዘነበች ነገሩ እንዳይከር ፈርተው ለመኑን፤ በሽማግሌ ይጠየቅ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ይሰብሰብና ይነገረው አሉ። ሳሙኤል ጫማውን እያሰረ ነበር። ፈረቃችን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። ወረቀቶቹን በላስቲክ አቃፊ አድርጌ ተከተልኩት።

ከቲቡርቲና ጣቢያ አውቶቡስ ያዝን። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሳሙኤል ቆሞ በጣቱ አንጓ የአውቶቡሱን ዘንግ እኩል በእኩል ይመታ ነበር፤ ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ልጇን ይዛ ቦታ ቀየረች። አቃፊው ጭኔ ላይ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ። አንዴ ከፍቼ የደብዳቤውን የላይኛ መስመር ከቡስታ ፓጋው የላይኛ መስመር ጋር ባስተያይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ስልኬ ላይ ሌላ ሒሳብ እሠራ ነበር፤ ጋሽ መኩሪያ እዚያ ከምንሠራው ሃያ ሦስት ሐበሾች በወር ምን ያህል ሊበሉ እንደሚችሉ።

ፋብሪካው ውስጥ ሙቀቱ ከውጭ ይብስ ነበር። ማንጋኖ የምንለው መተኮሻ ማሽን ሁለት ክንድ ስፋት ያለው፣ እንደ ምድጃ የጋለ ጥቅል ብረት ነው፤ እርጥብ አንሶላ በአንድ በኩል ይውጣል፣ በሌላ በኩል ደርቆ ይወጣል። ከአፉ ላይ እጅ ሲነካው ማሽኑን የሚያቆም ዘንግ ነበረው። ሥራ እንዳይቆም ዘንጉ ከአሮጌ ጎማ በተቀደደ ገመድ ከታሰረ ቆይቷል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልፈታውም።

ጋሽ መኩሪያ ከማሽኑ አጠገብ ነበሩ። ሳሙኤል ሰላም ሳይል፣

«የብድሬ ገንዘብ የት ገባ?» አላቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። እኔ ባንክ መሰልኩህ ወይ አሉት። ሳሙኤል ደገመው፤ አሁን «አንተ» እያለ። ከማሽኑ ጩኸት በላይ ሰው ሁሉ የሰማው ያን «አንተ» ነው። አጣፊዎቹ እጃቸውን አቆሙ። ጋሽ መኩሪያ በሰው ፊት የተዋረዱ መሰላቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ። አቃፊዬን አይተው ደብተራው ነው ይህን ያስጠናህ አሉ። ሳሙኤል ስለ ዋሱ ደብዳቤ ነገራቸው።

«ታዲያ ትክፈላ» አሉ። «የሽማግሌ ቂጥ ስትጠርግ ሠላሳ ዓመት አጠራቅማለች። ለምን ቀን ልትሆናት ነው?»

ሳሙኤል በቡጢ አፋቸውን መታቸው። ድምፁ እንደ እርጥብ ፎጣ ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ እንደሚጣል። ወደ ኋላ ተንገዳግደው እኔ እግር ሥር ወደቁ። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ጥርሳቸው ቀልቷል። ለመነሳት ሲሉ ሱሪዬን ያዙ። ሊይዙኝ ፈልገው አልነበረም፤ የሚይዙት ነገር ፈልገው ነው። ያንን ዛሬ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት በግራ ጎናቸው ረገጥኳቸው። አንዴ፣ ከዚያ ደግሜ። ከጫማዬ ሥር አንድ ነገር ሲለቅ ተሰማኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለት ወጣቶች ሳሙኤልን ለመያዝ ሞክረው በክርኑ ጣላቸው። ጋሽ መኩሪያ በዚያ መሐል ተነስተው ከረጢት የሚጎተትበትን የብረት መንጠቆ አነሱ፤ ቅንድቡ ላይ አሳረፉበት። ቆዳው ተከፍቶ ደሙ ግራ ዓይኑን ሸፈነው። ሳሙኤል አልጮኸም። መንጠቆውን ከእጃቸው ነጥቆ ወረወረው፤ በኮሌታቸው ይዞ በሙሉ ክብደቱ ገፋቸው። እንዳይወድቁ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። እጃቸው ያረፈው ወደ ማንጋኖው እየገባ ባለ አንሶላ ላይ ነው።

አንሶላው እጃቸውን ይዞ ገባ።

የጮኹትን ጩኸት ልገልጸው አልሞክርም። ማሽኑን የሚያቆመው ቀይ ቁልፍ ከእኔ ሁለት እርምጃ ነበር። እያየሁት አልተንቀሳቀስኩም። ከማዶ የነበረች አንዲት የፔሩ ሴት በጋሪዎች ላይ ዘላ መጥታ መታችው። ጥቅሉ ቆመ፤ ግን ትኩስ ነው፤ እጃቸውን ለማላቀቅ ብረት አምጥተው እስኪፈለቅቁት ድረስ ጊዜ ወሰደ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሳሙኤል እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሞ፣ «አልፈለግኩም፣ አልፈለግኩም» ይል ነበር፤ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

አምቡላንሱ እሳቸውን ይዞ ከሄደ በኋላ ካራቢኒዬሪዎች፣ የጣልያን ፖሊሶች፣ መጡ። ሳሙኤልን በካቴና አሥረው፣ ቅንድቡን በፋሻ ሸፍነው፣ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኔ በአስተርጓሚነት ተጠራሁ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ አለ ሹማቸው፣ ምንድን ነው ጠቡ? በዚያ ሰዓት እንኳ ልቤ ሙሉ ነበር። ማስረጃ አለኝ አልኩ። ሰባቱን ቡስታ ፓጋና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደረደርኩ። ተቆርጧል፣ አልደረሰም፣ ተሰርቋል ብዬ በጥሩ ጣልያንኛ አስረዳሁ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አሮጊት፣ አንድ ፋይል አወጣች። የሰባት ወር የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ነው። በየወሩ ሁለት መቶ አሥር ዩሮ፣ ከፋብሪካው ቀጥታ ለአበዳሪው። በጋሽ መኩሪያ እጅ አንድ ሳንቲም አላለፈም፤ ሊያልፍም አይችልም ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን ከቡስታ ፓጋው ጎን አድርጋ ጣቷን በላይኛው መስመር ላይ አስቀመጠች፤ እኔ ሁልጊዜ በምጀምርበት መስመር።

ኮዶቹ ይለያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳሙኤል ፓስፖርት ላይ ያለው ሙሉ ስም ሳሙኤል ታደሰ ወልዴ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት አለን፣ የአያት አለን። ጣልያን ግን የቤተሰብ ስም ካልተሞላ ወረቀቱ አይዘጋም። ተማሪ ሆኖ ሲበደር መጨረሻ ላይ ያለውን አያቱን ወስደው ወልዴ አሉት። በኋላ የሥራ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሲያወጣ አባቱን ወስደው ታደሰ አሉት። የኮዱ የመጀመሪያ ፊደላት የሚወጡት ከቤተሰብ ስም ስለሆነ አንዱ ሰው ሁለት ኮድ አገኘ። ሴትየዋ እዚያው አበዳሪው ዘንድ ደወለች። ገንዘቡ ደርሷል። ሳሙኤል ታደሰ የሚባል ተበዳሪ ስለሌላቸው ባለቤቱ ያልታወቀ ብለው ለብቻው አስቀምጠውታል።

«ለእነሱ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለችኝ።

ሹሙ ብዕሩን አንስቶ ጠየቀ፤ ገንዘቡ ተሰርቋል ብሎ ለዚህ ሰው የነገረው ማነው? ጥያቄውን መተርጎም የነበረብኝ እኔ ነኝ። ተረጎምኩት። ሳሙኤል በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ ሌላው አብጦ ተዘግቷል።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

እሱንም ተረጎምኩት። ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ። ከዚያ ይዘውት ሄዱ።

ጋሽ መኩሪያ ሦስት ጣት ተቆረጠባቸው። የፔሩዋ ሴት የሳሙኤልን ስም ብቻ ተናገረች፤ የእኔን እግር ያየ ወይም አይቻለሁ ያለ አልነበረም።

የእትዬ ዘነበች ቀን ግን አልቆመም። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፤ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ የማይከፈትበት። ገንዘቡ እንዳለ አበዳሪው ያምናል፤ የሚፈልገው ታደሰም ወልዴም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ከኮሙኔ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ይወጣል። ሳሙኤልን በሁለቱም ስም የሚያውቁት ሁለት ምስክሮች በመሐላ መፈረም አለባቸው። አንዱ እኔ። እትዬ ዘነበች ዋስ ስለሆኑ መመስከር አይችሉም። ሒሳብ ሠራተኛዋን የፋብሪካው ጠበቃ ምንም እንዳትፈርም ከልክሏታል። ሰባት ሐበሻ ለመንኩ። ሁሉም ምክንያት ደረደሩልኝ። ሰውየው እስር ቤት ነው፣ ፔርሜሶዬ ሊታደስ ነው፣ ፖሊስ ያለበት ወረቀት ላይ ስሜ አይግባ ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ዝም ብያለሁና።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ሆስፒታል ሄድኩ።

ኮሪደሩ ላይ የጋሽ መኩሪያ የእህት ልጅ ቆሟል። ማን እንደሆንኩ ያውቃል። አንድ ቃል ሳይናገር ጉሮሮዬን ይዞ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ፤ በጉልበቱ ሆዴን ሁለቴ መታኝ፣ ስጎብጥ በክርኑ ጆሮዬን። ነርስ እየሮጠች መጣች። እጄን አላነሳሁም፤ ደግነት ሆኖ አይደለም፣ የሚገባኝ መስሎኝ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ጋሽ መኩሪያ «ተወው» አሉ። «ይግባ ደብተራው።»

ትራስ ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርን በነጭ ተጠቅልሏል። ጎናቸውም ታስሯል፤ ሲተነፍሱ ፊታቸው ይኮማተራል። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ።

«በልተውታል ያልኩት እኔ ነኝ፤» አልኩ። «ሳሙኤል አይደለም። ወረቀቱን ሳላይ ነው ያልኩት።»

የተጠቀለለውን እጃቸውን ትራሱ ላይ አስተካከሉ።

«የረገጥኩዎትም እኔ ነኝ።»

«ጫማህን አውቀዋለሁ» አሉ። «ሁለት አጥንት ነው።»

ከዚያ ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። ሁለተኛ ምስክር እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ቀን እንደቀረ፣ ካልሆነ እትዬ ዘነበች ምን እንደሚገጥማቸው። እየነገርኳቸው ራሴን እየተጸየፍኩ ነበር፤ ለገፋቸው ሰው በዚያች እጅ ፈርሙ እያልኩ ነው። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ቆዩና እሑድ ዘነበች መጥታ ነበር አሉኝ። ሾርባ ይዛ። ምንም አልለመነቻቸውም፤ ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላለችም። በማንኪያ አጉርሳቸው ሄደች።

«ስለሷ ያልኩትን ነግራችኋታል?»

«አልነገርናቸውም።»

«እንዳትነግሯት።» ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረው፣ «እፈርማለሁ። ለሱ አይደለም፤ ለሱ ብዬ ከዚህ አልጋ አልነሳም። አንተ ደግሞ ለፖሊስ ያልተናገርከውን ሄደህ ትናገራለህ። አለዚያ አልመጣም» አሉ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከቀኖቹ የመጨረሻው የሥራ ቀን፣ የእህት ልጃቸው በታክሲ አመጣቸው። እጃቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደረጃውን ሲወጡ ደግፌ ልያዛቸው ብል በክርናቸው ገፉኝ። ጸሐፊዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ፋሻውን አይታ ምን እንደገጠማቸው በትሕትና ጠየቀች። የሥራ አደጋ አሏት። ሳሙኤል ታደሰና ሳሙኤል ወልዴ የተባሉትን ያውቋቸዋል ወይ ስትል፣ «አውቀዋለሁ፤ አንድ ሰው ነው» ብለው መለሱ። ብዕሩን በግራ እጃቸው ያዙ። አንዲት ፊርማ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ አረፉ፤ ላባቸው ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊታቸውን ወደ ጎን ያዞሩ ነበር።

ከገባን ጀምሮ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ማኅተሙ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሦስት ጣት የጠፋበት፣ ሁለት የጎን አጥንት የተሰበረበት ጉዳይ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር። ወረቀቱን እዚያው ለአበዳሪው ላክን፤ ከሰዓት በኋላ ሺህ አራት መቶ ሰባው በሳሙኤል ብድር ላይ መመዝገቡን የሚገልጽ መልስ መጣ። እትዬ ዘነበች ለሽማግሌያቸው ራት እየሠሩ ስልክ አነሱ። ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ቀጥለውም «እጁስ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከኮሙኔ ወጥቼ ቀጥታ ካራቢኒዬሪ ጣቢያ ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቃሉን፣ እግሬን፣ ቀዩን ቁልፍ። ከሥራ ወጣሁ፤ ክስ ተመሠረተብኝ፤ ፔርሜሶዬ አሥራ አራት ወር ሳይታደስ ተያዘ። ሳሙኤል ቀስቃሽ እንደነበረው ዳኛው ስለተረዱ ቅጣቱ ቀነሰለት፤ ግማሹን እስር ቤት፣ ግማሹን ቤት ውስጥ ጨረሰ። አንድ ክፍል ግን አብረን አንኖርም። ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ላለማየት ደረቱን አያለሁ።

እዚህ ድረስ ያነበባችሁ፣ በተለይ በሰው አገር ደመወዝ የምትበሉ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከደመወዛችሁ ላይ ገንዘብ ሲቆረጥ ሦስት ወረቀት አለ። የቆረጠው ሰው ወረቀት፣ የላከበት ደረሰኝና የተቀበለው ሰው መግለጫ። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ ማንንም አትጠርጥሩ፤ ማንንም አትመኑ። ተቆረጠ ማለት ተከፈለ ማለት አይደለም። አልደረሰም ማለትም ተሰረቀ ማለት አይደለም። በስማችሁ ቅደም ተከተል ሁለት ሰው ሆናችሁ እንደሆነም ዛሬውኑ እዩ። ወረቀት የሚያነብላችሁ ሰው ካለም የምትጠሉትን ሰው አብሯችሁ የሚጠላ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለ አንባቢ ፊደሉን ያውቃል፤ የሚያነብላችሁ ግን ልቡን ነው። እኔ አሁንም ለሰው አነባለሁ። የማይገባኝን አልገባኝም እላለሁ፤ ይህን ለማለት የተማርኩት በሰው እጅ ነው።

ፍርድ ቤቱ ካሳ ወስኗል። የሳሙኤል ቡስታ ፓጋ ላይ አሁን ሁለት የተቆረጠ መስመር አለ፤ አንዱ ለትምህርቱ፣ ሌላው ለጋሽ መኩሪያ። የእኔ ላይ አንድ መስመር አለ፣ በወር ዘጠና ዩሮ፤ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። አዲሱ አሠሪዬ ቆርጦ ይልካል። እኔ ግን መቆረጡን አይቼ አልተኛም። ወር በገባ በሳምንቱ ለጋሽ መኩሪያ እደውላለሁ፤ ደርሶዎታል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

«ደርሷል» ይላሉ።

ከዚያች ቃል ሌላ ተናግረውኝ አያውቁም። ስልኩን ይዘጋሉ፤ እኔም ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ።